ልጅቷንስ ማን አለቀሰላት?

ባለፈው ክረምት ቆቦ ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ሳለ ለአያቴ የአንቲጎኔን ታሪክ ነገርኳት። አስቤበት አልነበረም። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። «እስቲ ከተማርሽው ውስጥ አንድ ተረት አውሪኝ» አለችኝ። ጀመርኩ።

«እምዬ፣ ቴቤስ የሚባል አገር ነበረ። ሁለት ወንድማማቾች በዙፋን ተጣሉ። አንደኛው ከተማውን ይዞ ቀረ፣ ሌላው ከውጭ ጦር አስከትሎ መጣ። ከተማው በር ላይ ተገናኝተው ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬኦን ነገሠና አዋጅ አስነገረ፤ ከተማውን የጠበቀው በክብር ይቀበር፣ ጦር ይዞ የመጣው ግን ሜዳ ላይ ይጣል፣ ውሻና አሞራ ይብላው፣ የቀበረው ይሙት አለ። እህታቸው አንቲጎኔ ግን ወንድሜ ነው ብላ ሄዳ አፈር አለበሰችው። ያዟት። ንጉሡ ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ አስዘጋባት። እዚያው ራሷን ሰቀለች። እጮኛዋ የንጉሡ ልጅ ነበረ፤ እሱም ሬሳዋ አጠገብ ራሱን ገደለ። እናቱም ይህን ስትሰማ ራሷን ገደለች። ንጉሡ ብቻውን ቀረ።»

«ጎበዝ ልጅ!» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እኛ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስናነበው ያልነው እሱን ነው። እሷ ግን ሰፌዱን አስቀምጣ፣ «ሌላ እህት የላትም?» አለችኝ።

«አለቻት፤ ኢስሜኔ የምትባል።»

«እሷስ ምን ሆነች?»

ዝም አልኩ። ትዝ አላለኝም።

«ልጅቷንስ ማን አለቀሰላት?»

«ንጉሡ መጨረሻ ላይ እያለቀሰ...»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። በሰፈራችን ግን ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ ልቅሶ ሲወጣ ሙሾ የምታወርደው እሷ ነበረች። የሞተውን ሰው በስሙ ጠርታ፣ ያረሰውን መሬት፣ የዳረውን ልጅ፣ ያልከፈለውን ዕዳ ሳይቀር በግጥም አስገብታ ሰውን ታስለቅሳለች። ስለዚህ የጠየቀችኝ እንደ ባለሙያ ነው። መብራት ሲመጣ ተውኔቱን ስልኬ ላይ እንደገና ከፈትኩት። ለካስ ከዚያ በፊት ያነበብኩት በግማሽ ዓይን ኖሯል።

ሁለት ነገር ነው የተከለከለው

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንቲጎኔ፣ ሜዲያና ክሊቴምኔስትራ በአንድ ምስል ተደርድረው፣ «እምቢ ያሉ ሴቶች» ተብለው አይታችሁ ይሆናል። እኔም ሼር አድርጌ አውቃለሁ። ክፋት የለውም። ችግሩ ሦስቱን አንድ ማድረጉ ነው። በኤስኪለስ «አጋሜምኖን» ውስጥ ክሊቴምኔስትራ ባሏን በገዛ ቤቱ ገድላ ሬሳው ላይ ቆማ ትናገራለች። በዩሪፒደስ ተውኔት ሜዲያ የከዳትን ባል ለመቅጣት የገዛ ልጆቿን ትገድላለች። አንቲጎኔ ግን አንድ ሰው አልገደለችም። ይዛ የወጣችው አንድ እፍኝ አፈር ነው።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ከጥፋታቸው በፊት ያለው ነገር ነው፤ ሁሉም የሚጀምሩት ከሐዘን ነው። ክሊቴምኔስትራ ልጇ ኢፊጌንያ ለጦር ጉዞ መሥዋዕት ሆና ታርዳባታለች፤ ያረደው አባትየው ራሱ ነው። ሜዲያ አባቷንና አገሯን ለባሏ ብላ ትታ መጥታ ባዶ እጇን ቀርታለች። አንቲጎኔ በአንድ ቀን ሁለት ወንድሞቿን አጥታለች። ሐዘናቸውን የሚሰማ ዳኛ ስላላገኙ ነው ነገሩ ወደሌላ የሄደው።

አዋጁን ደግሞ በደንብ እዩት። ታሪኩን ስንተርከው ሁላችንም «መቅበር ተከለከለ» ነው የምንለው። ሶፎክሊስ ግን አዋጁን አንዴ በአንቲጎኔ አፍ፣ አንዴ በክሬኦን አፍ ሲያስነግር የሚከለከሉት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ መቅበርና ማልቀስ። ክሬኦን ሬሳው ከአፈር በላይ መቅረቱ አልበቃውም፤ ማንም እንዳያለቅስለት ይፈልጋል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ሁልጊዜ ዘልዬው አልፍ ነበር። አያቴ ግን ሳልነግራት ነው የደረሰችበት።

አንቲጎኔ የተያዘችበትን ትዕይንት የሚነግረን ዘበኛው ነው። ቀትር ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ድንገት አውሎ ነፋስ አቧራ አንሥቶ ሜዳውን ሸፈነው ይላል። በበጋ የቆቦን ሜዳ ያየ ሰው እዚህ ጋ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዞብል ተራራ ግርጌ አቧራው ተጠማዞ ሲነሣ ከብቱም ሰውም ፊቱን ያዞራል፤ ሲያልፍ ቅድም ያልነበረ ነገር ቆሞ ታያላችሁ። በተውኔቱም አቧራው ሲያልፍ ልጅቷ ቆማለች። ዘበኛው ስለሷ ቀድሞ የሚናገረው ደግሞ ጩኸቷን ነው፤ ጎጆዋን ባዶ እንዳገኘች ወፍ ስትጮህ ሰማናት ይላል። አፈር ማልበሷን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከእጇ በፊት የተፈጸመው በድምፅዋ ነው።

አፈሩም ቢሆን ቀጭን ነው፤ ሬሳውን ለአመል ያህል ነው የሸፈነችው። ፈረንጆቹ ተንታኞች ይህ ቀብር ይባላል ወይስ አይባልም እያሉ ብዙ ጽፈዋል። እኛ አገር ሬሳው በረሃ ለቀረ፣ ጦር ሜዳ ወድቆ ላልተገኘ ሰው እርም ይወጣል። ሬሳ የለም፣ ጉድጓድ የለም፤ ግን ይለቀሳል፣ ስሙ ይጠራል፣ ሟቹ ከሕያዋን ቁጥር ይወጣል። አንቲጎኔ የወንድሟን እርም እያወጣች ነው። እንዲህ ሳነበው ነገሩ ቀለለኝ።

ሶሎን አያቴን ይከሳት ነበር

ይህ ድምፅ ያስፈራው ክሬኦንን ብቻ አይደለም። ከሶፎክሊስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ሶሎን ለአቴንስ ሕግ ሲያወጣ ስለ ሴቶች ልቅሶም ደንግጎ ነበር። ፕሉታርክ እንደሚነግረን ከተከለከሉት ውስጥ ሦስቱ እነዚህ ናቸው፤ ፊት መንጨት፣ የተዘጋጀ ሙሾ ማውረድና በሰው ቀብር ላይ ሌላ ሙት ማልቀስ። እንግዲህ አስቡት፤ ሦስቱም የአያቴ ሥራዎች ናቸው። በተለይ ሦስተኛው። እኛ ጋ ልቅሶ ቤት የሄደች ሴት ለባለ ልቅሶው አንድ ጊዜ፣ ለራሷ ሙት ሁለት ጊዜ ታለቅሳለች፤ ማንም አይቀየማትም።

ሕጉ ለምን አስፈለገ? ምሁራን ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የትልልቅ ቤተሰቦችን ፉክክር ለማብረድ ነው፤ ሌላው ሙሾ ደም ስለሚያስታውስ ነው። የሴት ግጥም የወንድ ጦር ያስመዝዛል። አቴንስ ሐዘኑን ከሴቶች እጅ ወስዳ ለከተማዪቱ ሰጠችው፤ በጦርነት የሞቱት በመንግሥት ሥርዓት፣ በወንድ ተናጋሪ ንግግር የሚቀበሩ ሆኑ።

ከዚያ የመጣው ነገር ግን ይገርማል። ያችው ከተማ በየዓመቱ ለዲዮኒሶስ በምታደርገው በዓል ላይ፣ የከለከለችውን ልቅሶ መድረክ ላይ አወጣችው። አንቲጎኔ በ441 ዓ.ዓ. ገደማ፣ ክሊቴምኔስትራ በ458፣ ሜዲያ በ431 ከተማው ተሰብስቦ ሰማቸው። ደራሲዎቹ ግን ወንዶች ናቸው። ተዋንያኑም ጭንብል ያጠለቁ ወንዶች ናቸው። ይህን ለአያቴ ብነግራት፣ «ወንድ ነው ሴት መስሎ የሚያለቅስ? ሴቶቹስ የት ሄዱ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ጥሩ ሒስ ነው። የግሪክ ጀግኒቶችን ስናደንቅ የምናደንቀው ድምፅ የተወሰደ ድምፅ መሆኑን አንርሳ። ከደጃፍ ተከልክሎ መድረክ ላይ በወንድ አፍ የተመለሰ ነው። አያቴ ሙሾ ስታወርድ ጭንብል አላደረገችም፤ በገዛ አፏ ነው።

ይህን ነገር በደንብ የገባቸው ደቡብ አፍሪካውያን ይመስሉኛል። አቶል ፉጋርድ፣ ጆን ካኒና ዊንስተን ንቾና በ1973 (እ.ኤ.አ.) በጋራ በሠሩት «ደሴቱ» በተባለው ተውኔት ሁለት የሮበን ደሴት እስረኞች አንቲጎኔን ለመተወን ይለማመዳሉ። አንቲጎኔን የሚሠራው እስረኛ የሴት ልብስ ለብሶ ሲቆም የእስር ቤት ጓደኛው ይስቅበታል፤ እሱም ያፍራል። መጨረሻ ላይ ግን ያ ወንድ ልብሱን ጥሎ በራሱ ስም ይናገራል። የተበደሩትን ድምፅ በዚያ መንገድ መለሱት።

ወንድሜ ይሙት

አንቲጎኔ ወደ ዋሻው ስትወሰድ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር ትናገራለች። ለባል ወይም ለልጅ ይህን አላደርገውም ነበር፤ ባል ሌላ ይገኛል፣ ልጅም ይወለዳል፣ እናትና አባቴ ግን ስለሞቱ ሌላ ወንድም ከየትም አይመጣም ትላለች። ሄሮዶተስ ከዚህ ጋር በጣም የሚመሳሰል ታሪክ ከፋርስ ይነግረናል፤ ንጉሡ ከታሰሩት ዘመዶችሽ አንዱን ምረጪ ቢላት ባሏንና ልጆቿን ትታ ወንድሟን የመረጠች ሴት ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1827 (እ.ኤ.አ.) እነዚህ የአንቲጎኔ ስንኞች በኋላ የተጨመሩ ሆነው በተገኙ ብሎ ተመኝቷል። እንዲህ ያለ ስሌት ከዚያ ከፍ ካለ ንግግር ጋር አልሄድ ብሎት ነው።

ጎተ አንድ የገበያ ቀን ቆቦ ቢውል ይህ ችግር አይገጥመውም ነበር። ሴቶቻችን እውነት መናገራቸውን ሲያረጋግጡ በምን ይምላሉ? «ወንድሜ ይሙት!» «ወንድሜን!» በባል የምትምል ስንቷ ናት? ወንድም ማለት ትዳር ሲፈርስ የምትመለሺበት ቤት ነው፣ ስትበደዪ የሚቆምልሽ ሰው ነው፣ የአባትሽ ስም ያለበት ነው። ስለዚህ አንቲጎኔ እዚያ ጋ አልቀዘቀዘችም፤ በጣም ሞቃት የሆነውን መሐላ ነው ያወጣችው። ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፣ ስሜቱ ግን የራያ ሴት ነው።

ግን ይህንንም ልናሽሞነሙነው አይገባም። የወንድም ፍቅር ሌላ ፊት አለው፤ እሱም ኤሌክትራ ነው። ኤሌክትራም አታለቅሺም የተባለች ሴት ናት። አባቷ ከተገደለ ጀምሮ ልቅሶዋን አላቋረጠችም፤ በሶፎክሊስ ተውኔት ውስጥ ዝም ካላልሽ ፀሐይ የማታይበት ቦታ ትዘጊያለሽ ይሏታል። ልቅሶዋ ግን ወንድሟን ኦሬስቴስን የሚጠራ ነው፤ ና ግደል የሚል። እሱም መጥቶ የገዛ እናቱን ይገድላል። በኤስኪለስ ተውኔት ሴቶቹ በመቃብሩ ዙሪያ ሆነው ሲያለቅሱ ልጁ እየጋለ፣ እየጋለ ሲሄድ ይታያል።

ደም ያለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። እኛ ጋ ሰው ሲገደል ሙሾው ገዳዩን ያውቀዋል፤ ስሙን ባይጠራም የመጣበትን መንገድ ይጠራል። ያልተበቀለ ወንድም በግጥም ይወጋል። ዘወልድ ተቀምጦ፣ ሽማግሌ ተለምኖ፣ ደም ደርቆ እርቅ ሲወርድ ደግሞ ያ ግጥም መቆም አለበት። አያቴ በልጅነቷ ያወረደችው አንድ ሙሾ እንደሚጸጽታት ነግራኛለች። ምን እንዳለች አልነገረችኝም። «አንድ ልጅ ሰምቶት ወጣ» ብቻ ነው ያለችው።

ስለዚህ «ወንድን የተገዳደረች ሴት» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ኤሌክትራም አንቲጎኔም ንጉሥን ተገዳድረዋል። ኤሌክትራ የተገዳደረችው የራሷን ሙት አንሥታ ሌላ ሙት ለመጨመር ነው። አንቲጎኔ ከክሬኦን ጋር ስትከራከር፣ አንዱ ወንድምሽ ጠላት ነው፣ ከጠባቂው እኩል አይከበርም ይላታል። እሷም ለመጥላት ሳይሆን ለመውደድ እንደተፈጠረች ትመልስለታለች። ክሬኦን የሚያየው ወገንና ጠላት ነው፤ እሷ የምታየው ሁለት ወንድሞች ነው።

ዘውድ የሌለው ክሬኦን

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ለእኔ ተረት መሆኑ የሚያበቃው።

ከቆቦ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ዋጃን አልፋችሁ አላማጣ ትገባላችሁ። የአስተዳደር መስመሩ ከዚህ ብዙ ጊዜ ተከራክሮበታል፤ ሰዉ ግን ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ገበያ ተገበያይቶ የኖረ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ወንድማማች በሁለት በር ቆመ። በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። የአጎቴም ልጅ በዚያ ሰሞን ሞተ። አያቴ አለቀሰችለት፤ ልቅሶው ግን ሹክሹክታ ነበር፣ ጮሆ ማልቀስ የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ ሁለት ዓመት አለፈ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጦርነቱ ለሞቱ ታጋዮች የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ፤ መርዶው በይፋ የተነገረው ያኔ ነው። አስቡት፤ እናቶች ልጄ ሞቷል ወይስ አለ ሳይሉ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ሐዘን መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ሌላ ሰው ሲሆን ይህ ነው። ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉ ልጆች ሬሳ መንገድ ላይ ሲጣል ቤተሰብ ማልቀስና ሐዘን መቀመጥ ይከለከል ነበር። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ያለቀሱበት ዘመን ነው። ክሬኦን ሁለቱንም ክልከላ ሙሉ በሙሉ ያስፈጸመው እኛ አገር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያ ጥቅምት፣ ሰፈራችን ውስጥ በአላማጣ በኩል ተወልዳ ቆቦ ያገባች አንዲት ሴት አለች፤ የወንድሟ መርዶ በስልክ ደረሳት። በወዲያኛው ወገን ተሰልፎ ነው የሞተው። በሯን ዘግታ አለቀሰች። ሁሉም ሰማ፣ ማንም አልሄደም። ቅሬው ድንኳን አልተከለም። አያችሁ፣ አዋጅ ያወጣ መንግሥት አልነበረም። ዘበኛ አልቆመም። ክሬኦን እዚህ ዘውድ የለውም፤ በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ ነበር። እኔም አልሄድኩም። አዲስ አበባ ነበርኩ ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ ግን ስልክ ነበረኝ፣ አልደወልኩም። የአጎቴ ልጅ ፊት ድቅን አለብኝ።

አያቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዱላዋን ይዛ ሄደች። ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጮክ ብላ ጀመረች። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፤ የዚያ ቤት ነው። እናቴ የነገረችኝ ግን የሁለቱንም ስም እንደጠራች ነው፤ የልጅቷን ወንድምና የእኛን ልጅ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ማታ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቤት ድረስ መጡ። «እቴ፣ ነገር አታብዢ። የሰዉ ቁስል ገና አልደረቀም» አሏት።

«አያ፣ እኔ ዳኝነት አልተቀመጥኩም» አለች። «ልቅሶ ነው የደረስኩት።»

የከተማው ሰው ሁሉ ተጸጽቶ ተላቀሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እንደዚያ አልሆነም። ሁለት ሴቶች በማግሥቱ ቡና ይዘው ሄዱ። ሌሎች አያቴን ለወራት አላናገሯትም። እሷም ከዚያ ወዲህ ሙሾ አላወረደችም፤ ደከመኝ ነው የምትለው።

ርዕስ ያላገኘችው ወርቂት

እንግዲህ እኛስ እንዲህ ያሉ ሴቶች በመድረካችን አሉን? ታሪካችን ውስጥ አሉ፤ ያውም እዚሁ ወሎ። የወረ ሂማኖዋ ወይዘሮ ወርቂት ግዛታቸውን በልጃቸው ስም ይመሩ ነበር፤ ልጃቸው ግን በአጼ ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ በመያዣነት ታስሯል። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በእሳቸው አገር ገባ። ምን ያድርጉ? ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸው ሊተርፍ ይችላል። ምኒልክ ግን ወደ ሸዋ አለፈ፤ ቴዎድሮስ ልጃቸውን ከመቅደላ ገደል አስወርውረው ገደሉት። ሶፎክሊስ ይህን ቢያገኝ ሌላ ምን ይፈልግ ነበር? ንጉሥ አለ፣ ገደል አለ፣ እናት አለች፣ የማይመረጥ ምርጫ አለ።

ስለ ቴዎድሮስ ግን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንደገና «ቴዎድሮስ»ን ጽፈዋል። እነዚህ ሁሉ ንጉሡን በመካከል ያቆሙ ናቸው፤ ዕንባውም የቴዎድሮስ ዕንባ ነው። አልነቅፋቸውም፣ አንዳንዶቹን ወድጄ ደጋግሜ ያነበብኳቸው ናቸው። ግን ያው አፋፍ ከታች ሆኖ ሲታይ፣ በእናትየው በኩል ሲታይ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ርዕስ አላገኘም። አቴናውያን ሴቶቻቸውን ከሕግ ቢያርቁም ተውኔቱን «ክሬኦን» አላሉትም፤ «አንቲጎኔ» አሉት። ናይጄሪያዊው ፌሚ ኦሶፊሳን «ተጎኒ» ብሎ ልጅቷን የዮሩባ ልጅ አድርጓታል። ወርቂት እስከ ዛሬ ርዕሷን የምትጠብቀው እኛን ነው። ከእናንተ መካከል ተውኔት የሚጽፍ ካለ ወንበሩ ባዶ ነው።

መልሱ

ርዕሱን ማግኘት ግን ሁሉም ነገር አይደለም። ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ።

አንቲጎኔ ተውኔቱ ሲያልቅ አይደለም የምትወጣው፤ ሲሦው ያህል ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የክሬኦን ነው። ነቢዩ ክሬኦንን ይገሥጻል፣ ክሬኦን ሐሳቡን ይለውጣል፣ ይዘገያል። የልጁ የሄሞን ሬሳ መድረክ ላይ ይገባል። የሚስቱ የዩሪዲስ ሬሳ ይታያል። የአንቲጎኔ ሬሳ አይመጣም። ዋሻው ውስጥ ተሰቅላ መገኘቷን መልእክተኛው ይነግረናል፤ በቃ። ሽማግሌዎቹ የመዘምራን ጓድ ስለ ብልህነት ተናግረው ይወጣሉ። ሙታኗን ላለቀሰችው ልጅ መድረክ ላይ ሬሳዋን ከቦ ሙሾ ያወረደላት የለም። ወደ ዋሻው ስትሄድ የራሷን ሙሾ ራሷ ያወረደችውም ለዚህ ይሆናል፤ ሌላ እንደማይኖር አውቃለች።

ኢስሜኔስ? እሷን ፈሪ ነው የምንላት። መጀመሪያ ላይ እኛ ሴቶች ነን፣ ወንዶችን ልንዋጋ አንችልም ትላለች። እህቷ ስትያዝ ግን ከሷ ጋር ልሙት ብላ ትመጣለች፤ አንቲጎኔ ናት የምትገፋት። ክሬኦን ኢስሜኔን ይምራታል፣ ከዚያ በኋላ ሶፎክሊስ ራሱ ይረሳታል። አትገባም፣ አትወጣም፣ ምን ሆነች የሚል የለም። በዚያ ቤት ግን በሕይወት የቀረች ሴት እሷ ብቻ ናት። አባትና እናት፣ ሁለት ወንድም፣ እህት፤ አምስት ሙት። በማግሥቱ ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ማንም ያልመጣበትን ልቅሶ የተቀመጠችው እሷ ናት። ተውኔቱ ያልጻፈው ትዕይንት ይህ ነው፤ እኔ አሁን ሳነበው የሚታየኝም እሱ ነው።

ለአያቴ ደውዬ መልሱን ነገርኳት። «እምዬ፣ አገላብጬ አየሁት። ሙሾ ያወረደላት የለም።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እህቷስ?» አለች።

«መጽሐፉ ውስጥ የለችም።»

«መጽሐፉ ውስጥ ባትኖርስ፣ ቤት አለች አይደል?» አለችኝ። «በሯን የሚያንኳኳ ነው የጠፋው።»

ስልኩን ስዘጋ መደወል የነበረብኝ ሌላ ቁጥር ትዝ አለኝ። ዘግይቷል፤ ሐዘኑ ከወጣ ቆይቷል። ቢሆንም ደወልኩ።